«ኤክሴል» መቼ፣ «ሰርፓስ» መቼ? «በለጠ»ን ወደ እንግሊዝኛ የመመለስ አሠራር

የምሠራው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ባለች ጠባብ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ሲቪ እጽፋለሁ፣ የማመልከቻ ደብዳቤ አርማለሁ። የምረቃ ሰሞን ሲደርስ ቤቷ መቆሚያ ታጣለች። ያኔ ከሚመጡልኝ ወረቀቶች ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አይጠፋም፦ «አይ ኤክሴል ፍሮም ማይ ክላስሜትስ»። በቀይ ሳሰምርበት ጥያቄው ወዲያው ይከተላል። «ጋሼ፣ ኤክሴል ማለት በለጠ አይደል እንዴ? ታዲያ ምን አጠፋሁ?»

ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ ይህ በሁለት ደቂቃ አያልቅም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ከእንግዲህ የሚጠይቀኝን «ሂድና እሱን አንብብ» እላለሁ።

የእንግሊዝኛ ቃላቱን በፊደላችን ነው የምጽፋቸው። አጻጻፋቸው ወሳኝ በሆነበት ቦታ ሆሄያቱን አንድ በአንድ እጠራለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ደብተርና እርሳስ። ስልክ ላይ አትጻፉ። ስልኩ ራሱ እያረመ ስህተታችሁን ይደብቅባችኋል።
- ሌላ ቀለም ያለው እስክሪፕቶ፣ ለማስመር።
- ለቋንቋ ተማሪ የተዘጋጀ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት። ወደ አማርኛ የሚተረጉመው ብቻውን አይበቃም። እሱ «በለጠ፣ ላቀ» ብሎ ያልፋል። ቃሉ ከኋላው ምን እንደሚያስከትል ግን አይነግራችሁም፤ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።
- አነባበብ የሚያሰማ ስልክ። ለደረጃ 5 ብቻ ነው፣ እስከዚያ ኪስ ውስጥ ይቆይ።
- ስለ ራሳችሁ እውነት የሆኑ ሦስት የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮች። የሌላ ሰው ሲቪ ላይ ያያችሁትን አትገልብጡ።

ቡና ካፈላችሁ ደግሞ አልከለክልም። ደረጃ 2 ረዘም ይላል።

ደረጃ 1፦ አማርኛውን ጻፉ፣ ከዚያ የሚበለጠውን ፈልጉ

በቀጥታ በእንግሊዝኛ አትጀምሩ። መጀመሪያ ሐሳባችሁን በአማርኛ ጻፉት። ከዚያ «ማን ተበለጠ?» ብላችሁ ጠይቁ። የተበለጠ ሰው ወይም ነገር ካለ በሌላው ቀለም አስምሩበት።

ለምሳሌ እነዚህን እንያቸው፦

ሀ. በሒሳብ እጅግ ጎበዝ ነኝ።
ለ. በሒሳብ ከክፍሌ ልጆች ሁሉ እበልጣለሁ።
ሐ. የቡናው እርጥበት ከ12 በመቶ በልጧል።
መ. ወንድሜ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል።
ሠ. ደላላው በለጠኝ፣ በርካሽ አሸጠኝ።

«ሀ» ላይ የሚሰመርበት ነገር የለም። «ለ» ላይ የክፍል ልጆች አሉ። «ሐ» ላይ ቁጥር አለ። «መ» የዕድሜ ጉዳይ ነው። «ሠ» ደግሞ ጉብዝና ሳይሆን ብልጠት ነው።

ይህ ደረጃ ለምን ያስፈልጋል? አማርኛው «በለጠ» ሁሉንም ይሸከማል። ዕድሜም፣ ዋጋም፣ ሙያም፣ ማታለልም በእሱ ይነገራል። እንግሊዝኛ ግን ሥራውን ለተለያዩ ቃላት አከፋፍሎታል። ኤክሴል የደረሰው አንዱ ድርሻ ብቻ ነው፦ በአንድ ነገር እጅግ ጎበዝ ሆኖ መገኘት። የሚበለጠው ሰው በኤክሴል ዓረፍተ ነገር ውስጥ መቀመጫ የለውም። ሳትለዩ ከጀመራችሁ፣ መቀመጫ የሌለውን እንግዳ በ«ፍሮም» ጎትታችሁ ታስገቡታላችሁ።

ደረጃ 2፦ ግሡን ምረጡ

ያሰመራችሁበትን እያያችሁ እንዲህ ምረጡ።

የተሰመረበት ከሌለ፣ ነገሩም ሙያ ወይም ችሎታ ከሆነ ኤክሴል። «ሀ»ን የሚመልሰው እሱ ነው፦ «አይ ኤክሴል ኢን ማትስ»።

የተሰመረበት ሰው፣ ቡድን፣ የሌላ ሰው ውጤት ወይም ሰዎች የጠበቁት ነገር ከሆነ ሰርፓስ። ፉክክሩ ጎላ እንዲል ከተፈለገ አውትዱ፣ የሥራ ወይም የፈተና ውጤት ሲነጻጸር አውትፐርፎርም ይመጣል። ሦስቱም የሚበለጠውን ያለ ምንም መስተዋድድ ከኋላቸው ያስቀምጣሉ። «ሺ ሰርፓስድ ሀር ቲቸር» — አስተማሪዋን በለጠችው። በመሀል «ፍሮም» የለም፣ «ዛን» የለም፣ «ኦቨር» የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስለሚንሸራተት አንድ ዘዴ ልስጣችሁ። አማርኛ ሁለት መንገድ አለው። «ከእኔ ትበልጣለች» ማለት ይቻላል፣ «ትበልጠኛለች» ማለትም ይቻላል። በሁለተኛው «ከ» ጠፍቷል፣ «እኔ» ግሡ ላይ ተለጥፏል። ስለዚህ ከመተርጎማችሁ በፊት ዓረፍተ ነገሩን ወደ ሁለተኛው መንገድ ቀይሩት። «ከአስተማሪዋ በለጠች» የሚለውን «አስተማሪዋን በለጠችው» አድርጉት። «ከ» ከሌለ «ፍሮም» ከየት ይመጣል?

ጅማ ላይ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለን። ኦሮምኛ የምትናገሩ ሰዎች ይህን ሰዋስው ከልጅነታችሁ ታውቁታላችሁ። «ነ ጫልቲ» ስትሉ «ትበልጠኛለች» ማለታችሁ ነው፤ «ከ» የሚባል ነገር አልገባበትም። ሰርፓስ የሚሠራው ልክ እንደዚያ ነው። «ጫልቱ» የሚለው ስም ራሱ ከዚህ ግሥ የመጣ ነው። ጫልቱ የምትባል ጎረቤት የሌለው የጅማ ሰው ስለማላውቅ፣ ቃሉን በእሷ አስታውሱት።

ሁለቱን ጎን ለጎን ለማየት ኳሱን እንውሰድ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት ዓመት ዋንጫውን አነሳ። «ጅማ አባ ጅፋር ኤክሴልድ ዛት ሲዝን» ካላችሁ፣ በዚያ ዓመት ድንቅ ነበር ማለት ነው፤ ሌሎቹ ክለቦች አልተጠሩም። «ጅማ አባ ጅፋር ሰርፓስድ ኦል ዘ አዘር ክለብስ» ካላችሁ ግን ሌሎቹን ሁሉ በለጣቸው ማለት ነው። አንዱን በሌላው መቀየር አይቻልም። «ኤክሴልድ ኦል ዘ አዘር ክለብስ» የሚል በድሮ መጽሐፍ ውስጥ ልታገኙ ትችላላችሁ፣ መዝገበ ቃላትም ይመዘግበዋል። ዛሬ ደብዳቤ ላይ ብትጽፉት ግን አንባቢው ቆም ይላል። ተዉት።

የተሰመረበት ቁጥር ወይም ገደብ ከሆነ ኤክሲድ። የደረቀ ቡና እርጥበቱ ብዙውን ጊዜ ከ12 በመቶ እንዲያልፍ አይፈለግም፣ ይሻግታልና። ያ በእንግሊዝኛ «ሹድ ኖት ኤክሲድ 12 ፐርሰንት» ነው። ቡና ቀማሾች ከ100 ነጥብ ሰጥተው 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘውን «ስፔሻሊቲ» ይሉታል። ነጥቡ ከ80 ካለፈም «ኤክሲድስ 80 ፖይንትስ» ነው። ቡናው ራሱ ቢጣፍጥም ቁጥር እስከሆነ ድረስ ኤክሴል አይገባም።

ዕድሜ፣ ቁመት፣ ዋጋ ከሆነ ግሥ መፈለጉን ተዉት። «ሂ ኢዝ ስሪ ይርስ ኦልደር ዛን ሚ» ብቻ በሉ። «ሂ ኤክሴልስ ሚ ባይ ስሪ ይርስ» የሚል ወረቀት መጥቶልኝ ያውቃል። ሰውየው ወንድሙን እያከበረ ነበር የጻፈው፣ ግን እንግሊዝኛው አልተቀበለውም።

ብልጠት ከሆነ አውትስማርት። «ዘ ብሮከር አውትስማርትድ ሚ»። ደላላውን «ኤክሴልድ» ካላችሁት እያመሰገናችሁት ነው።

ደረጃ 3፦ ከኤክሴል በኋላ «ኢን» ወይም «አት» አስገቡ

ኤክሴልን ከመረጣችሁ ቀጥሎ የሚመጣው መስክ ወይም ተግባር ነው።

መስክ፣ ትምህርት ወይም ዘርፍ ከሆነ «ኢን» ይሻላል፦ «ኤክሴልስ ኢን ባዮሎጂ»። በ«ኢንግ» የሚያልቅ ተግባር ከሆነ «አት»፦ «ኤክሴልስ አት ቴስቲንግ ኮፊ» — ቡና በመቅመስ የተካነች ናት። ሙያውን ወይም ኃላፊነቱን ለመጥራት «አዝ» ይገባል፦ «ኤክሴልድ አዝ ኤ ነርስ»። በ«ኢን» እና በ«አት» መካከል ድንበሩ ግንብ አይደለም። «አት ማትስ» የሚል የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ሞልቷል። ብትቀላቅሉ አትወድቁም።

የምትወድቁት «ባይ» ስትሉ ነው። «በሒሳብ» የሚለው «በ» እየጎተተን «አይ ኤክሴል ባይ ማትስ» እንላለን። «ባይ» የሚናገረው መንገዱን እንጂ መስኩን አይደለም። «ሺ ኤክሴልድ ባይ ስተዲንግ ኤቭሪ ናይት» ትክክል ነው፤ በየማታው በማጥናት ነው ጎበዝ የሆነችው ማለት ነው። በምን ጎበዝ እንደሆነች ግን አልተነገረንም።

«ቱ»ም እንዲሁ አይገባም። «ኤክሴል ቱ ስፒክ» የለም፣ «ኤክሴል አት ስፒኪንግ» ነው።

ደረጃ 4፦ አጻጻፉንና ጊዜውን አስተካክሉ

ሆሄያቱ አምስት ናቸው፦ ኢ፣ ኤክስ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤል። «ሲ»ን መርሳት የመጀመሪያው ስህተት ነው። መጨረሻ ላይ «ኤል»ን መድገም ሁለተኛው።

የ«ኤል» ነገር ግራ የሚያጋባው ለምክንያት ነው። ዋናው ግሥ አንድ ኤል አለው። «ኤክሴልስ»ም አንድ። «ኤክሴልድ» እና «ኤክሴሊንግ» ግን ሁለት ሁለት አላቸው። ምክንያቱ ጫናው፣ ማለትም ድምፁ ጠንከር የሚልበት ቦታ፣ በመጨረሻው ክፍል ላይ መሆኑ ነው። እንግሊዝኛ በአንድ አናባቢና በአንድ ተነባቢ የሚያልቅን ግሥ፣ ጫናው መጨረሻው ላይ ካረፈ፣ «ኢዲ» ወይም «ኢንግ» ሲጨምር ተነባቢውን ይደግማል። «ቪዚት» ላይ ጫናው መጀመሪያ ላይ ስለሆነ «ቲ» አትደገምም። ይህን አንድ ጊዜ ከያዛችሁት ለብዙ ግሥ ያገለግላችኋል።

ሌሎቹን በአጭሩ። ኤክሲድ፦ ኢ፣ ኤክስ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኢ፣ ዲ። አውትዱ ኃላፊ ጊዜው «አውትዲድ»፣ ሦስተኛው ቅርጽ «አውትደን» ነው፤ «አውትዱድ» የሚባል የለም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ የዘወትር ችሎታ ከሆነ ተራውን የአሁን ጊዜ ተጠቀሙ። ያለፈ ነገር ከሆነ ኃላፊውን። «ኢዝ ኤክሴሊንግ» የሚለው በዚህ ሰሞን እየታየ ላለ ጉብዝና ይሆናል፤ ለምሳሌ መምህር ለወላጅ ስለ ልጁ ሲጽፍ። ሲቪ ላይ አያስፈልግም።

ደረጃ 5፦ ጮክ ብላችሁ አንብቡት

አሁን ስልኩን አውጡ። እኛ «ኤክሴል» ብለን ስለለመድን እኔም እንዲያው እየጻፍኩ ነው። በአፍ ግን ወደ «ኢክ-ሴል» ይጠጋል። መጀመሪያው ቀለል፣ «ሴል» ላይ ጠንከር።

«ኤክሰለንት» ላይ ደግሞ ይገለበጣል። ጠንከር የሚለው መጀመሪያው ነው፦ «ኤክ-ሰ-ለንት»። «ኤክሰለንስ»ም እንደዚያው። ቡና ላይ የምትሠሩ ሰዎች ይህን ድምፅ «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» ከሚለው የቡና ውድድር ታውቁታላችሁ፤ አገራችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ2012 ዓ.ም. ነው።

ለመለማመድ ጠረጴዛ ምቱ። «ኢክ» ላይ በጣት፣ «ሴል» ላይ በመዳፍ። «ኤክሰለንት» ሲሆን መዳፉ መጀመሪያ ይቅደም። ሞኝ ያስመስላል፣ ግን ይሠራል። ቃለ መጠይቅ ላይ ጫናው ከተሳሳተ ጠያቂው ቃሉን በቶሎ አይዘውም፤ ሲያስደግማችሁ ደግሞ ትደናገጣላችሁ።

ደረጃ 6፦ ክብደቱን መዝኑ፣ ማስረጃ አስከትሉ

ኤክሴል «ጥሩ ነኝ» ማለት አይደለም። «እጅግ ጎበዝ ነኝ» ማለት ነው። መደበኛነትም አለው። ሲቪ፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የሥራ ሪፖርት ላይ ያምራል። ለጓደኛ በቴሌግራም ስትጽፉ «ዩ አር ሪሊ ጉድ አት ዚስ» ይበቃል። እዚያ ኤክሴል ካስገባችሁ የድጋፍ ደብዳቤ የምትጽፉለት ይመስላል።

አንድ ሲቪ ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ አትጠቀሙት። ካስገባችሁትም ወዲያው ማስረጃውን አስከትሉ፦ ውጤት፣ የሠራችሁት ፕሮጀክት፣ ያገኛችሁት ሽልማት። ማስረጃ ከሌላችሁ ቃሉን አውጡትና «አይ ሃቭ ጉድ ስኪልስ ኢን» በሉ። በትምህርት፣ በቡድን ሥራ፣ በአመራር፣ በኮምፒውተር «ኤክሴል» ያለ ሲቪ አይቻለሁ። ልጁ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር።

ጥንቃቄ፦ የኮምፒውተሩ ኤክሴል

ስሙ አንድ ነው፣ ሥራው ሌላ። የሠንጠረዥ ፕሮግራሙ የተጸውኦ ስም ስለሆነ የመጀመሪያው ሆሄ ትልቅ ይሆናል። ግሡ ዓረፍተ ነገር ካልጀመረ በቀር በትንሽ ሆሄ ይጻፋል።

ይህን የምለው ተቃጥዬበት ነው። ለአንድ የአካውንቲንግ ምሩቅ ሲቪ ስተይብ «አይ ኤክሴል ኢን አካውንቲንግ» የሚለው ላይ «ኢ»ዋን በትልቁ ጻፍኳት። ቀጣሪዎቹ ፕሮግራሙን የጠራ መስሏቸው ቃለ መጠይቁን በሠንጠረዥ ጥያቄ ሞሉት። ልጁ ደግሞ ፕሮግራሙን ለኮፍ ለኮፍ ነበር የሚያውቀው። ተመልሶ መጥቶ ምንም አልተናገረኝም፣ ዝም ብሎ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ፕሮግራሙን እንደምትችሉ ለመጻፍ «ፕሮፊሸንት ኢን» ብላችሁ «ማይክሮሶፍት» የሚለውን ከስሙ በፊት ጨምሩ። ያኔ ማንም አይሳሳትም።

ደጋግመው የሚመጡልኝ ስህተቶች

- «ኤክሴል ፍሮም ማይ ፍሬንድስ»። ጓደኞቻችሁ እንዲቀሩ ከፈለጋችሁ «ሰርፓስ ማይ ፍሬንድስ»። እንዲወጡ ከፈለጋችሁ «ኤክሴል ኢን» ብላችሁ መስኩን ጥሩ። ሲቪ ላይ ሁለተኛው ይሻላል። ቀጣሪው ጓደኞቻችሁን አያውቃቸውም።
- «ሂ ኤክሴልድ ዘ ኤግዛም»። ፈተናውን አለፈ ለማለት ከሆነ «ፓስድ» ነው። ድንቅ ውጤት አመጣ ለማለት ከሆነ «ኤክሴልድ ኢን ዘ ኤግዛም»።
- «ሞር ኤክሴል»። ግሥን እንደ ቅጽል መጠቀም ነው። «አይ አም ኤክሴል»ም የእሱ ወንድም ነው። ቅጽሉ «ኤክሰለንት» ነው። እሱም ቢሆን በራሱ «እጅግ» ስላለበት «ቬሪ» አይጨመርበትም።
- «ሰርፓስ ዛን»። «ዛን» የማነጻጸሪያ ቅጽል ትከተላለች፣ ሰርፓስን አትከተልም።
- «ኤክሴል ማይሴልፍ»ን መፍራት። ይህ ስህተት አይደለም! «ሺ ኤክሴልድ ሀርሴልፍ» ትክክለኛ አነጋገር ነው፣ በተለይ በብሪታንያ እንግሊዝኛ። ከወትሮዋ በላይ ሠራች፣ ራሷን በለጠች ማለት ነው። ኤክሴል የሚበለጠውን ከኋላው የሚያስቀምጥባት የዛሬ ቦታ ይህች ብቻ ናት። «አውትዲድ ሀርሴልፍ»ም ይባላል።

ሞክሩት

መልሱን ሳታዩ በደብተራችሁ ጻፉ።

1. እህቴ በኬሚስትሪ እጅግ ጎበዝ ናት።
2. ተማሪው መምህሩን በለጠው።
3. ከጅማ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።
4. አባቴ ከእናቴ በዕድሜ ይበልጣል።
5. ጫልቱ ዛሬ በቡናው ራሷን በለጠች።

መልስ፦

1. «ማይ ሲስተር ኤክሴልስ ኢን ኬሚስትሪ»። «ኤስ»ን ከረሳችሁ ግማሽ ነጥብ።
2. «ዘ ስቱደንት ሰርፓስድ ሂዝ ቲቸር»። «አውትዲድ»ም ይሆናል።
3. «ዘ ሮድ ፍሮም ጅማ ቱ አዲስ አበባ ኤክሲድስ 300 ኪሎሚተርስ»። እዚህ ያለችው «ፍሮም» የመነሻ ቦታ ናት፣ አትንኳት። በንግግር ግን «ኢዝ ሞር ዛን 300» ይቀላል።
4. «ማይ ፋዘር ኢዝ ኦልደር ዛን ማይ ማዘር»። ግሥ የፈለገ ወደ ደረጃ 2 ይመለስ።
5. «ጫልቱ ኤክሴልድ ሀርሴልፍ ዊዝ ዘ ኮፊ ቱዴይ»። ስኒዋን ሳትመልሱ ንገሯት።